ሳያነቡ ማለፍ፣ አንብቦ መውደቅ

በዚህች መጽሔታችን ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ቴአትር ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ልንነካው ያሰብነው ጽሑፍ ግን ደራሲው የማይታወቅ፣ በመጻሕፍት መደብር የማይሸጥ፣ ማንም ወዶ የማያነበው ነው። ሆኖም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያን ያህል አንባቢ የሚያገኝ ሌላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በአገራችን ያለ አይመስለንም። ይኸውም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ፣ ምንባቡን አንብበህ ትክክለኛውን መልስ ምረጥ ተብሎ የሚቀርበው ጽሑፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብቻ 896,520 ተማሪዎች ተፈትነዋል። ይህን ያህል አንባቢ ያገኘ ደራሲ ካለ ይነገረን! ይህ ሁሉ ሰው የሚያነበውን ግን እንደ ጽሑፍ ቆጥረን በዚህች መጽሔት አንድም ቀን ሒስ አልሰነዘርንበትም።

ለመሆኑ ምንባቡ ስለ ምን ነበር? ሰሞኑን እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ነበር። ሁላችንም ተፈትነን ያለፍን ነን፤ ባናልፍማ እዚህ አንገናኝም። ከመካከላችን የምንባቡን ፍሬ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር የቻለ አልተገኘም። «ያቺ ጥያቄ መልሷ ቢ ነው፤ የለም ዲ ነው» የሚለው ክርክር ግን እስካሁን ሙቀቱ አልበረደም። ከጽሑፉ የቀረልን ያጠቆርነው ክብ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሒስ ሲጻፍ ይዘትና ቅርጽን ለይቶ ማየት ደንብ ነውና ከቅርጹ እንነሣ። በየመለማመጃ መጻሕፍቱ የምናገኛቸው ምንባቦች አብዛኞቹ ራሳቸውም ጅራታቸውም የተቆረጠ ነው። ከየት እንደ ተወሰዱ አይነገርም፤ ማን ለማን እንደ ጻፋቸው አይታወቅም። በውስጣቸው የሚቆጣ የለም፤ የሚቀልድ የለም፤ የሚያሾፍማ ጭራሽ። ጥያቄ አውጪው ሁለት ትርጉም የሚሰጠውን ዓረፍተ ነገር ለቅሞ ያወጣዋል። ምክንያቱም ሁለት ትርጉም ካለ ሁለት ትክክለኛ መልስ ይኖራል፤ ሁለት ትክክለኛ መልስ ካለ ደግሞ አቤቱታ ይመጣል። እንዲህ ተበጥሮ ከወጣ በኋላ «ጸሐፊው ሊል የፈለገው ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። እንዴ! ጸሐፊውን መቼ አስቀራችሁልንና?

ተማሪውም ቢሆን ሞኝ አይደለም። ምንባቡን ከላይ እስከ ታች ካነበብክ ጊዜ ያልቅብሃል፤ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብብ፤ ከዚያ የጥያቄዋን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልግና ከፊትና ከኋላዋ ያለውን ብቻ እይ እየተባለ ነው የሚሠለጥነው። ካልሆነልህ ደግሞ ረዘም ያለውን ምርጫ ያዝ፤ «ሁሉም» የሚለውን አትናቅ፤ «በፍጹም» ያለበትን ምርጫ ሽሽ። እነዚህ ዘዴዎች ይሠራሉ። ለእኛም ሠርተውልናል። ዘዴውን ያስተማሩንን መምህራን አንወቅስም፤ ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ፈተና ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ሌላ ምን ያድርጉ? ይሁንና ነገሩን በስሙ እንጥራው ከተባለ ይህ ያለማንበብ ጥበብ ነው።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ ምሳሌ ካልያዝን ባዶ ሜዳ ላይ መጮህ ይሆናል። ምሳሌያችንን ከግሸን እንውሰድ። ግሸን በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ያለ፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ የያዘ አምባ መሆኑን ያልሄደም ሰምቷል። በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ የገባበት ነው፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመኑ ከየአገሩ ይተምምበታል። ከዚህ ሌላ የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻኮቱ ተግዘው የሚጠበቁበት ተራራ ነበር፤ በ1540 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ጦር እስከ ያዘው ድረስ።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግሸንን የምንወድበት ሌላም ምክንያት አለን። የታሰሩት ልዑላን ወሬ በፖርቱጋሎች መጻሕፍት በኩል አውሮጳ ከገባ በኋላ የእንግሊዝ ደራስያን ተራራውን እንደየምኞታቸው አበጃጁት። ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» ውስጥ የአማራን ተራራ ከኤደን ጋር አወዳድሮ አነሣው። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1759 እ.ኤ.አ. «ራሴላስ»ን ሲጽፍ ልዑሉን ከአምባው አናት አውርዶ ለምለም ሸለቆ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለቱም አገራችንን በዓይናቸው አላዩም። መጽሐፉን በኋላ ስራቅ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ እንዲህ ሆኖ ግሸን ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ አውጪ ስለ ግሸን አጭር የእንግሊዝኛ ምንባብ አዘጋጀ እንበል። ምንባቡም የኛ ፈጠራ ነው፤ ጥያቄዎቹም እንደዚሁ። ምንባቡ ስለ ተራራው አቀማመጥ፣ ስለ ልዑላኑ ግዞት፣ ስለ ሚልተንና ስለ ጆንሰን ያወራል። ሁለት ተፈታኞች አሉን። አንዷ እዚያው አምባሰል፣ ከአምባው ሥር ያደገች ናት። ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በሚነገርበት የግል ትምህርት ቤት የተማረ፣ የግሸንን ስም ግን ሰምቶ የማያውቅ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በምንባቡ መሠረት የተራራው አናት ምን ዓይነት ቅርጽ አለው? ክብ፣ መስቀል፣ ሦስት ማዕዘን፣ ጨረቃ። የአምባሰሏ ልጅ ወረቀቱን ሳትገልጥ ትመልሰዋለች። ትክክል ይባልላታል፤ ግን ምኗ ተፈተነ? አያቷ የነገሯት ነገር እንጂ ንባቧ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ በምንባቡ መሠረት ተራራው ለዘመናት ለተራ ሰው ዝግ የነበረው ለምንድን ነው? ከምርጫዎቹ መካከል «የነገሥታት ልጆች ስለሚጠበቁበት» የሚልም «ቅዱስ ነገር ስላለበት» የሚልም አለ። ምንባቡ የሚለው የመጀመሪያውን ነው። ልጅቷ አንብባለች፤ ነገር ግን ከምንባቡ ቀድሞ ያለው ዕውቀቷ ያይላል፤ ወደ ሁለተኛው ትሄዳለች። ተሳሳተች። የአዲስ አበባው ልጅ ግን ስለ ግማደ መስቀሉ ምንም የሚያውቀው ስለሌለ የሚጎትተው የለም፤ ወረቀቱ ያለውን ይመልሳል። እዚህ ላይ አለማወቅ ነጥብ አሰጠ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በአምስተኛው መስመር ያለው «ኮንፋይንድ» የሚለው ቃል ፍቺው ምንድን ነው? ልጅቷ ግዞትን ታውቃለች። ልጆቹ ለምን እንደ ታሰሩ፣ ማን እንደ ጠበቃቸው፣ ንጉሥ ሲሞት አንዱ ወርዶ እንዴት እንደሚነግሥ ስትተርክ ብታመሽ አይደክማትም። የማታውቀው ቃሉን ነው። ልጁ ደግሞ ቃሉን ያውቃል፤ ቃሉ የሚያወራለትን ነገር አያውቅም።

ምንባቡን የተረዳው የትኛው ነው? መልስ መስጫው ወረቀት ልጁ እንደሆነ ይነግረናል። እኛ ግን እንጠራጠራለን። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ተረድቷል፤ ልጅቷ ጉዳዩን ተረድታለች፤ ሁለቱን ያገናኘ ጥያቄ ግን በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ይህ የኛ ቅዠት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስቱዋርት ካትዝና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካኖቹን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ወስደው ምንባቡን ነጥለው አውጥተው ጥያቄዎቹን ብቻ ለተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹ ያላነበቡትን ምንባብ ጥያቄ በዕድል ከሚገኘው እጅግ በበለጠ መጠን በትክክል መለሱ። ከዚያ በፊትም በ1979 እ.ኤ.አ. ማርጋሬት ስቴፈንሰንና ሁለት ባልደረቦቿ ሁለት ደብዳቤ ያስነብባሉ፤ አንዱ ስለ አሜሪካ ሠርግ፣ ሌላው ስለ ህንድ ሠርግ። አሜሪካኖቹም ህንዶቹም የየራሳቸውን ሠርግ በፍጥነት አነበቡ፤ ብዙውንም አስታወሱ። የሌላውን ግን እያጣመሙ በራሳቸው ሠርግ ተረጎሙት። ቋንቋው ለሁለቱም ወገን አንድ እንግሊዝኛ ነው፤ የተለያየው ሠርጉ ነው። እስቲ ስለ ቅልቅልና ስለ መልስ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለለንደን ተማሪ ይሰጠው፤ የጠፋበትን እናያለን።

በሌላ በኩል ደግሞ «ችግሩ ሁሉ ባህል ነው» ብለን ብናልፍ ራሳችንን ማታለል ይሆናል። የቃል ድህነት የሚባል ነገር አለ። ሁና ኔሽን የተባሉ አጥኚዎች በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት አንባቢ ያለ አጋዥ አንድን ታሪክ በሚገባ ለመረዳት ከመቶው ቃል ዘጠና ስምንቱን ያህል ማወቅ ይኖርበታል። ከመቶው ቃል ሃያው የጠፋበት ተማሪ ሚልተን ቢመጣለት ምን ሊፈይድለት? በእኛ ጊዜ መዝገበ ቃላት የሌለው ትምህርት ቤት የተማሩ ከመካከላችን አሉ፤ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለሦስት ተካፍለው ያነበቡም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እስካሁን ስለ እንግሊዝኛው ወረቀት ብቻ ነው ያወራነው። ግን ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ፊዚክሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲያውስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ድረስ የእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ፈተና ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ለዚህም ከግሸን ርቀን መሄድ አያሻንም። በዚያው በአምባሰል ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የሚጠራው በሷ ስም ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያስገባቸዋል። የአንዲት ግሥ ልዩነት ናት፤ ጦሷ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው የወጣው። በሌላ ቋንቋ የተጻፈን ነገር አንብቦ መረዳት የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የትም አይገኝ! እንግዲህ አንድ የውጫሌ ተማሪ ስለ ውጫሌ ውል በታሪክ ፈተና ይጠየቃል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ምርጫዎቹም አራት ረጃጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነታቸውም፣ ልብ በሉ፣ የአንዲት ግሥ ልዩነት ነው። ይህ ልጅ ቢሳሳት ታሪኩን አያውቅም እንላለን ወይስ ጥያቄውን አላነበበም? ወረቀቱ አይናገርም።

ወረቀቱ ሳይናገር ግን ቁጥሩ ይነገራል። ከተፈታኞቹ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ወጣት የወደቀው በምን ላይ ነው? በዕውቀት? በእንግሊዝኛ? ወይስ በሁለቱም? በአምባሰልና በሐይቅ በኩል ያሉትማ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ በቀያቸው ያለፈባቸው፣ ክፍላቸው ተዘግቶ የከረመባቸው ናቸው። ሁሉም በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ «ተማሪው ሰነፍ ነው» ይባላል። ስንፍና የለም አንልም፤ ኩረጃም ነበር፤ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተዛወረውም በዚሁ የተነሣ ነው። ግን መለኪያው የሚለካውን ነገር ሳያውቅ የሚያወጣው ቁጥር ለወቀሳ እንጂ ለመድኃኒት አይሆንም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆን ስቶዳርት በ1986 እ.ኤ.አ. በአገራችን ትምህርት ቤቶች ስላለው እንግሊዝኛ ባጠናበት ጽሑፍ ቋንቋው ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል እየሆነ እንደመጣ ገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፣ ፖሊሲ ተለውጧል፣ መጻሕፍቱም ከአንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ ተለውጠዋል። አራቱ ፊደላት ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ሲፈተንም ፊደላቱ ከወረቀት ወደ መስታወት ነው የተሻገሩት።

እስቲ ደግሞ የማይገባ ቋንቋ ማንበብ በወሎ ምን እንደሚመስል እንይ። በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ተማሪ ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ ይህ አገር የሰው ቋንቋ ማንበብን ትናንት የጀመረ አይደለም። የቄስ ተማሪው ፊደል ከለየ በኋላ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ዳዊት ይደግማል። ምን እንዳለ አያውቅም፤ እንዲያውቅም ገና አይጠበቅበትም። ቁርኣን የሚቀራው ልጅም እንደዚሁ ነው። ታዲያ ዳዊት የደገመውን ልጅ «ተረጎመ» ብሎ ያሞገሰው የለም። ንባብ ቤት ሌላ፣ ትርጓሜ ቤት ሌላ፤ ቁርኣን መቅራት ሌላ፣ ኪታብ መቅራት ሌላ። እኛ ጋ ያለው ጉድ ንባቡን «መረዳት» ብለን መሰየማችን ነው።

ልብ ልንለው የሚገባው ግን ቀጣዩ ደረጃ ነው። ትርጓሜ ቤት ሲገባ የሚነበበው ግእዝ ነው፤ የሚፈታው ግን በአማርኛ ነው። መምህሩ «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል ሁለት ሦስት መንገድ ያስኬዱታል። ኪታብ የሚያስቀሩት ሸኽም ዐረብኛውን አንብበው በአማርኛ ያብራሩታል። ተማሪው በሰው ቋንቋ ያነበበውን በራሱ ቋንቋ መልሶ ካልተናገረ ገብቶታል አይባልም። ቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ግሱንና አገባቡን የተማረው ልጅ ከአራት ቅኔ አንዱን ምረጥ አይባልም፤ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። (የወግ አጥባቂነት ስም እንዳይሰጠን እንጂ፣ በትርጓሜ ቤትም ቢሆን ሸምድዶ መመለስ ሞልቷል፤ ዱላውና የተማሪው ረኃብም የሚናፈቅ አይደለም።)

የኛ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ ምንባቡ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ከጥያቄዎቹ ቢያንስ አንዱ ግን ተማሪው የተረዳውን በራሱ ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በሌላው፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ይጠይቀው። ቻርልስ አልደርሰን በ1984 እ.ኤ.አ. በሰው ቋንቋ ማንበብ ሲያቅት የጎደለው ንባብ ነው ወይስ ቋንቋው ብሎ ጠይቆ ነበር። ለኛ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የሚመልስ ወረቀት እንዲህ ያለው ብቻ ነው። የአምባሰሏ ልጅ ስለ ልዑላኑ ግዞት ምንባቡ ያለውን ጽፋ፣ ስለ ግማደ መስቀሉ ግን ምንባቡ ያላለውን ብትጨምርበት፣ መምህሯ የት ላይ ከወረቀቱ እንደወጣች በዓይናቸው ያያሉ። አሁን የሚያዩት «ሲ» የምትባል አንዲት ጥቁር ክብ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «የእንግሊዝኛ ፈተና በአማርኛ?» ብሎ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ፤ የሚፈተነው መጻፍ ከሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ የሚፈተነው መረዳት ከሆነ ግን የመጻፍ ድክመት ለምን በመረዳት ላይ ይቆጠር? ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ያን ሁሉ መቶ ሺህ ወረቀት ማን ያርማል? በመኪና ካልታረመ ሰው ያርመዋል፤ ሰው ካረመው ደግሞ ዘመድና ጉቦ ይገባበታል። በዚህ ላይ እኛም አልተስማማንም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ለብሔራዊ ፈተናው ዊልሰን ቴይለር በ1953 እ.ኤ.አ. ያመጣው «ክሎዝ» ይሻላል ይላሉ፤ ከምንባቡ በየአምስት ወይም በየሰባት ቃሉ አንዱ ተሰርዞ ተማሪው ክፍት ቦታውን የሚሞላበት ነው። ለማረም ይቀላል፤ ምንባቡን ካላነበቡም አይሞላም። ሌሎቻችን ደግሞ ይህም ቢሆን ዞሮ ዞሮ ሰዋስው መፈተን ነው ባዮች ነን። ቢያንስ ቢያንስ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የመንፈቅ ዓመት ፈተና ከአራቱ ፊደላት ሊላቀቅ እንደሚችል ግን ሁላችንም ተስማምተናል። ስድሳ ተማሪ፣ ለያንዳንዱ ሦስት ዓረፍተ ነገር፤ ለአንድ መምህር የሁለት ማታ ሥራ ነው።

ክርክሩን በወሬ ከምንጨርሰው እንሞክረው ብለናል። ከላይ ያወራንለትን የግሸን ምንባብ በእንግሊዝኛ ጽፈን፣ ከሦስቱ የምርጫ ጥያቄዎችና «በራስህ ቋንቋ በሦስት ዓረፍተ ነገር ግለጽ» ከሚለው ጋር እያባዛነው ነው። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ግማሾቹ ምንባቡን ያገኛሉ፤ ግማሾቹ ጥያቄዎቹን ብቻ። ስም አይጻፍም። ፈቃደኛ የሆነ ለመጽሔቷ አዘጋጆች ይንገር፤ ከወሎ የመጡና ከወሎ ውጭ የመጡ ቁጥራቸው ቢመጣጠን ደስ ይለናል። የሚገኘውን፣ ለሐሳባችን ቢመችም ባይመችም፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።